የትምህርት ቤት ቆሻሻን እንዴት እንለይ? ከመውጫው እንጀምር

ሦስት ቅርጫት ገዛን። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ተማሪዎቹ «የሚበሰብስ»፣ «ወረቀት»፣ «ፕላስቲክ» ብለው በሚያምር ጽሑፍ ለጠፉባቸው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አስተዋወቅናቸው፤ ተጨበጨበ። ሐሙስ ከሰዓት ከክፍል ስወጣ የጽዳት ሠራተኛችን ሦስቱንም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገለብጡ አየኋቸው።

«ምነው እትዬ?» አልኳቸው።

«መምህር፣ ሦስት ቅርጫት ሰጣችሁኝ። የምደፋበት ግን ያው አንድ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ልጆቹ የለዩትን የሚቀበል ቦታ አላዘጋጀንም። በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹም መለየቱን ተዉት፤ ማን ለከንቱ ይለፋል? ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከጀርባ ወደ ፊት መሥራት ተማርን። መጀመሪያ መውጫው ይዘጋጃል፤ ቅርጫት መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ባዶ ሃይላንድ ለብቻው ሲቀመጥ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። የምሳ ትራፊ ሲደፋበት ቆሻሻ ይሆናል። ወረቀትም እንደዚያው ነው። ተቀላቅሎ ከግቢ የወጣው ሁሉ ደግሞ የሆነ ቦታ ይከመራል። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ የከመረችው ረጲ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ይህን ለተማሪ ስትነግሩ ለማስፈራራት አይሁን። ከእጁ የጣለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ እንዲያውቅ ነው።

መጀመሪያ፦ አንድ ሳምንት መመዘን

ከሱቅ ሚዛን ተዋሱ። ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ የግቢውን ቆሻሻ ሰፊ ላስቲክ ላይ አፍስሱት። ጓንት ያደረጉ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች ይለዩት። የምሳ ትራፊና ልጣጭ፣ ቅጠል፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ሃይላንድ፣ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ፣ ሌላው። እያንዳንዱን መዝናችሁ ጻፉ። ከሽንት ቤት የወጣውንና ስለት ያለውን ልጆች አይንኩት።

ይህን ሳምንት አትዝለሉት። በከተማ ቆሻሻችን ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሚበሰብሰው ነው፤ ምሳ በሚበላበት ትምህርት ቤት ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ሰው ግን ችግሩ ፕላስቲክ ብቻ ይመስለዋል፤ ፕላስቲክ ቀላል ሆኖ ቦታ ስለሚይዝ ዓይን ይሞላል። ሚዛኑ ነው እውነቱን የሚናገረው። ውጤቱን ሚኒ ሚዲያ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡት።

ቀጥሎ፦ መውጫ መፈለግ

ለየአንዳንዱ ዓይነት «ማን ይወስደዋል?» ብላችሁ መልሱ። ለወረቀትና ለሃይላንድ ቆራሌው አለ። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው አስቁማችሁ አነጋግሩት። ምን ይገዛል? ኪሎውን በስንት? በየስንት ጊዜው ሊመጣ ይችላል? አንዱን ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ፤ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። የምትጠብቁት የተቆረጠ ቀን ከሌለ ማዳበሪያው ይከመርና ዳይሬክተሩ በሳምንቱ «አንሱልኝ» ይላሉ።

ለሚበሰብሰው መውጫው እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ነው፤ ኮምፖስት፣ ማለትም በስብሶ ለተክል ምግብ የሚሆን አፈር፣ ይሆናል። የቀረውን፣ ማለትም ማንም የማይፈልገውን፣ የቀበሌው ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር ይውሰደው። ያ ከረጢት በየወሩ ሲያንስ ማየት ነው ሥራው።

ከጽዳት ሠራተኞቹ ጋር የምትነጋገሩትም አሁን ነው፤ ቅርጫት ሳይገዛ። የትኛው የት እንደሚራገፍ እነሱ ይምረጡ። መንገዱን በየቀኑ የሚሄዱበት እነሱ ናቸው። ከሽያጩ ገንዘብ ለእነሱ ጓንትና ሳሙና ይገዛ ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ኮምፖስቱ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ብዙ ትምህርት ቤት የሚጀምረውም የሚተወውም ይህንን ነው። የሚተወው ስለሚሸት ነው፤ የሚሸተው ደግሞ ደረቅ ነገር ስላነሰው ነው።

ጥላ ያለበት፣ ከውኃ ጉድጓድና ከክፍል መስኮት የራቀ ቦታ ምረጡ። ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ክረምት ሲመጣ ኩሬ ይሆናል። ከአሮጌ ጣውላ ወይም ከእንጨት አጥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ሥሩ። ቁመቱም ሜትር ይሁን። ከዚህ ካነሰ ውስጡ ሙቀት አይዝም። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይጀመራል።

ከታች የተቆራረጠ ጭራሮ ይነጠፍ፤ አየር እንዲገባ። ከዚያ በባልዲ ቁጠሩ። ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ ባልዲ እርጥብ። እርጥብ የምንለው የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የሻይና የቡና አተላ ነው። ላዩ ላይ ሁለት እፍኝ አፈር፣ ትንሽ ውኃ። እንደገና ሦስት ደረቅ፣ አንድ እርጥብ። የመጨረሻው ሽፋን ሁልጊዜ ደረቅ ቅጠል ነው። ዝንብና አይጥን የሚያርቀው እሱ ነው።

እንጀራ ለብቻው ይነገር። ከምሳ የተረፈ እንጀራ በአንድ ላይ ሲጣል እንደ ሊጥ ይጣበቅና ይኮመጥጣል፤ አየር አያሳልፍም። ቆራርሳችሁ ከቅጠል ጋር በትኑት። ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ሥጋና አጥንት አይግባ። የባህር ዛፍ ቅጠልም አታብዙ፤ ዘይቱ መበስበሱን ያዘገየዋል።

በሳምንቱ አንድ ፌሮ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩና አውጡት። ልጆቹ ጫፉን በጥንቃቄ ይንኩት። ከሞቀ ክምሩ እየሠራ ነው፤ በደንብ የተሠራ ክምር መሐሉ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፌሮውን ነክታ እጇን ሳብ አደረገችና «ቲቸር፣ እሳት ማን አነደደበት?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ሙቀቱን ስለሚያመነጩት ባክቴሪያዎች ያስተማርኩት ክፍለ ጊዜ ሙሉ አፍ የሚያዘጋ ነበር፤ አንድም ልጅ አልረበሸም።

እርጥበቱን በእጅ ለኩት። ጓንት አድርጋችሁ እፍኝ ሙሉ ጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ቅጠል ጨምሩ፤ ከተበተነ ውኃ። በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ አገላብጡት። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ጥቁር ሆኖ፣ ዝናብ የነካው አፈር አፈር ይሸታል። ስለዚህ ኅዳር ላይ ብትጀምሩ ለበልግ ይደርስላችኋል። የኅዳርና የታኅሣሥን ደረቅ ቅጠል በማዳበሪያ ሞልታችሁ መጋዘን አስቀምጡ። ሰኔ ላይ ቅጠሉ ሁሉ ሲረጥብ ታመሰግኑኛላችሁ። ካለቀባችሁ ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ ለምኑ።

ወረቀትና ሃይላንድ

ወረቀት ጠላቱ ውኃና ዘይት ነው። ጣሪያ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ሰኔ ላይ ተማሪው ደብተሩን ሲጥል ያልተጻፈበትን ገጽ ቅደዱና በመርፌና በክር ስፉት፤ የረቂቅ ደብተር ይሆናል። የላስቲክ ሽፋኑ ተገፎ ይለይ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የፈተና ወረቀት ከመሸጡ በፊት ስም ያለበት ቦታ ተቀዶ ይውጣ። ወረቀቱ ሱቅ ሊደርስ ይችላል። የአንድ ልጅ ከአሥር ሦስት ያገኘበት ወረቀት ቆሎ ተጠቅልሎበት ሰፈር ሲዞር ማየት ያማል።

ሃይላንድ ባዶ ይሁን፣ ይጨፍለቅ፣ ክዳኑ ለብቻው ይቀመጥ፤ ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሚሠራ ነው። የቺፕስና የብስኩት ላስቲክ ግን ብዙ ድርብርብ ሽፋን ስላለው ገዢ አታገኙለትም። መፍትሔው ግቢ እንዳይገባ ማድረግ ነው። የመጠጥ ውኃ ቧንቧውን አስጠግኑ፣ ካፍቴሪያው ቆሎና ሙዝ ይሽጥ።

አታቃጥሉ

ኅዳር 12 ሰፈር ሁሉ ጠርጎ ያጥናል። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን የፈጀው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው፤ ክፉ አየር እንዲወጣ ተብሎ ነው። ጠረጋውን እወደዋለሁ። ጭሱ ግን ዛሬ ያኔ የነበረው የሣርና የቅጠል ጭስ አይደለም። ላስቲክ ሲቃጠል እንደ ዳዮክሲን ያሉ መርዞች ይወጣሉ፤ የሚስበው ደግሞ ከሽንት ቤት ጀርባ ኳስ የሚጫወተው ልጅ ነው። በዚያ ቀን ቅጠሉን ወደ ኮምፖስት አምጡት።

የሚረሱት

የባትሪ ድንጋይ፣ የቤተ ሙከራ ኬሚካልና ረጅሙ ፍሎረሰንት አምፖል፣ ውስጡ ሜርኩሪ ስላለ፣ ከምንም ጋር አይቀላቀሉም። ክዳን ባለው ዕቃ ተቆልፈው ይቀመጡ።

ሞዴስን ደግሞ አፍሮ ማለፍ ይብቃ። ማስቀመጫ ያጣች ልጅ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። በእያንዳንዱ የሴቶች ሽንት ቤት ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ የሚደረስበት፣ ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጥ። ሴት መምህራን ከልጆቹ ጋር ተነጋግረው ቦታውን ይወስኑ። ለማስወገዱ ማቃጠያ ካለው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ጋር ተስማሙ።

ቅርጫቱ

አሁን ግዙ። ለክፍል ወረቀት ብቻ የሚገባበት ካርቶን ይበቃል፤ ሌላ ቅርጫት ክፍል ውስጥ አያስፈልግም። ምሳ በሚበላበት ቦታ የትራፊ ባልዲ፣ ግቢ መሐል የሃይላንድ ማዳበሪያ። የክፍል አለቆች በየሳምንቱ ተራ ይግቡ። የተሸጠውንና የወጣውን ብር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፤ ከ50 ብር ቢያንስም ይለጠፍ።

ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሰኔ ላይ ክምሩን አገላብጡ፣ ላዩን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ጫፉን በድንጋይ አስይዙ፣ ለዘበኛው አደራ ስጡ። መስከረም የመጀመሪያ ሳምንት አዲሶቹ የክፍል አለቆች ወንፊት ይዘው ይምጡ። የበሰለውን ነፍተው ጎመን መደቡ ላይ ይበትኑት፣ ያልበሰለውን ጭራሮ ወደ ባዶው ሣጥን ይመልሱት።