የግፊት መለኪያን ስናስተካክል የስፓን ፐርሰንት እንዴት ይሰላል?

ካሊብሬሽን (መለኪያን ፈትሾ ማስተካከል) ላይ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡ ከብዶት አይደለም። ለየትኛው ቁጥር እንደሚያካፍል ስለሚምታታበት ነው።

የግፊት ትራንስሚተሩ፣ ማለትም ግፊትን ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚልከው መሣሪያ፣ ከ2 እስከ 10 ባር ይለካል እንበል። ስፓኑ ስንት ነው? ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው 10 ነው። መልሱ ግን 8 ነው። ስፓን ማለት ከላይኛው ገደብ ላይ ታችኛው ሲቀነስ የሚቀረው ነው።

አሁን 6 ባር እንስጠው። መጀመሪያ ከ6 ላይ 2ን እንቀንሳለን፣ 4 ይቀራል። 4ን ለ8 አካፍለን በ100 ስናባዛ 50 በመቶ ይመጣል። ሳይቀንስ 6ን ለ10 ያካፈለ ሰው 60 በመቶ ያገኝና ደህናውን መሣሪያ ይነካካዋል።

ከዜሮ በታች የሚጀምር ሬንጅ ደግሞ የባሰ ያምታታል። ከ-1 እስከ 3 ባር ከሆነ ስፓኑ 4 ነው። ስለዚህ 0 ባር ላይ የምናገኘው 25 በመቶ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም።

ትራንስሚተሩ የሚልከው ምልክት ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ከሆነ፣ ወደ ሚሊአምፔር ለመቀየር ፐርሰንቱን ለ100 አካፍለን በ16 እናባዛና 4 እንደምርበታለን። 16 የመጣው ከ20 ላይ 4 ሲቀነስ ነው። ለ0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 በመቶ 4፣ 8፣ 12፣ 16 እና 20 ሚሊአምፔር ይሆናል። እነዚህን በቃል መያዝ ይሻላል።

ሥራው ላይ፣ መሣሪያው አንድን ቫልቭ ወይም ፓምፕ የሚቆጣጠር ከሆነ በቅድሚያ መቆጣጠሪያው ወደ ማንዋል (በእጅ ወደሚታዘዝበት) ይዛወር። ከዚያ ምንም ሳንነካ በአምስቱም ነጥቦች ያገኘነውን እንመዝግብ፤ ወደ ላይ ስንወጣም፣ ወደ ታች ስንወርድም። እየወጣን ሳለ ነጥቡን ካለፍነው እዚያው መልሰን አንቀንስ። በደንብ ዝቅ አድርገን እንደገና እንውጣ። አለበለዚያ የመውጫና የመውረጃ ንባቡ ይደባለቃል።

6 ባር ላይ 12.08 ሚሊአምፔር አነበብን እንበል። ልዩነቱ 0.08 ነው። ለ16 ስናካፍለው የስፓኑ 0.5 በመቶ ስህተት ነው። ለ20 ካካፈልነው 0.4 ይመጣና ስህተቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። የተፈቀደው 0.25 በመቶ ከሆነ ማስተካከል ግድ ነው።

ስናስተካክል ዜሮውን (የ0 በመቶውን ንባብ) እናስቀድም፣ ስፓኑን (የ100 በመቶውን) እናስከትል፣ ተመልሰን ዜሮውን እንይ። ብዙ መሣሪያዎች ላይ አንዱ ሲነካ ሌላውም ይንቀሳቀሳል። ሁለቱም ሲረጉ አምስቱን ነጥቦች ደግመን እንለካና ከመጀመሪያው ንባብ ጎን እንጻፈው።