በሐረርጌ ተራሮች የደን መንገድ ዳር ያለ ክፍያ ድንኳን ተክሎ ለማደር

ከድሬዳዋ ተነስቶ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲጨርስ ሌላ አየር ይቀበለዋል። ድሬዳዋ በ1200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተዘርግታለች፤ ሐረር ወደ 1900 ሜትር ትጠጋለች፤ ከሁለቱም በላይ ቆንዱዶ 3000 ሜትር አካባቢ፣ ጋራ ሙለታ ደግሞ ከ3300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ቆመዋል። በዚህ ሰንሰለት ላይ ጽድና ወይራ የቀሩባቸው፣ ባሕር ዛፍም የተተከለባቸው ተዳፋቶች አሉ፤ በመካከላቸው የጠጠር መንገድ ያልፋል። መጸዳጃ ቤት፣ የቧንቧ ውሃና መብራት በሌለበት በዚያ መንገድ ዳር አንድ ሌሊት ለማደር የሚያስፈልጉት ድንኳን፣ ውሃና ፈቃድ ናቸው።

አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚጨነቀው ለድንኳኑ ነው። እኔ ግን ከፈቃዱ እጀምራለሁ፤ ሌሊቱ በሰላም እንዲያልፍ ከሁሉም በላይ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ፈቃዱ ይቅደም

በሐረርጌ ደጋ ባለቤት የሌለው መሬት አታገኙም። እርከኑ የገበሬው፣ ግጦሹ የመንደሩ፣ ደኑ የመንግሥት ወይም የአካባቢው ማኅበር ነው። ሰው የማይደርስበት የሚመስለውን የገደል ጫፍ እንኳ ፍየል የሚያግድ ልጅ ያውቀዋል። የማደሪያ ክፍያ አለመጠየቁ እንግዳ ማሳደር የአገሩ ወግ ስለሆነ እንጂ ቦታው የማንም ስላልሆነ አይደለም።

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ወረዳው አስተዳደር ወይም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ማንነታችሁን፣ ስንት እንደሆናችሁና የት ለማደር እንዳሰባችሁ ተናገሩ። መታወቂያ ያዙ። ድንኳን የተከለ እንግዳ ሰው ሲታይ ስልክ የሚደወለው ወደ ቀበሌ ነው፤ ቀበሌው አስቀድሞ ካወቀ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የጸጥታውን ሁኔታም እዚያው ጠይቁ፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ ለዛሬ ሌሊት አይሆንም። አትውጡ ካሏችሁ አትከራከሩ።

ሁለተኛው ደረጃ ቦታው ላይ የሚፈጸም ሲሆን ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ዓይናችሁ ያረፈበት ቦታ ላይ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት በቅርብ ወዳለው ቤት ሂዱ። አብዛኛው የአካባቢው ገበሬ ሙስሊምና ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ ከደጃፍ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ኦቦ» ብሎ መጀመር መልካም ነው፤ እናት ከሆኑ «አዴ» በሏቸው። ወዲያው ወደ ጥያቄው አትሩጡ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ «ከድሬዳዋ ነን፤ ፈቃድዎ ከሆነ ከዚያ ዛፍ ወዲህ ለአንድ ሌሊት እንደር፤ እሳት አናነድም፣ ጠዋት እንነሳለን» በሉ። ከመካከላችሁ ኦሮምኛ የሚችል ካለ ንግግሩን ለእሱ ተዉለት። ጥቂት ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው ቤት በባዶ እጅ አይገባም።

ይህን ያህል የማጠብቀው ለጨዋነት ብቻ ብዬ አይደለም። የጫት ማሳ በሌሊት ይጠበቃል። ጠባቂው ዱላና ባትሪ ይዞ፣ ብዙ ጊዜም ውሻ አስከትሎ ያድራል፤ በጨለማ መብራት አብርቶ በማሳው ዳር የሚንቀሳቀስ የማያውቀው ሰው ለእሱ ሌባ ነው። ሳይመሽ የተዋወቃችሁት ጠባቂ ግን ሌሊቱን ለእናንተም ይጠብቃል። አንድ ወጣት አብሯችሁ እንዲያድር ከፈለጋችሁ ዋጋውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተስማሙ፤ ለድካሙም የሚገባውን ክፈሉ። በነጻ ማደር የሌላውን ሰው እንቅልፍ በነጻ መውሰድን አይጨምርም።

ወቅትና አቅጣጫ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም የጠጠሩን መንገድ ያጨቀየዋል። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ መኪና ማግኘት ይቸግራል። በሸራና በላስቲክ ሥር ውጭ ማደርን ለዚህ አገር ሰው ማንም አላስተማረውም፤ በቁልቢ ሜዳ ያደረ ሁሉ የታኅሣሥን ብርድ ያውቀዋል።

ከአዲስ አበባ በቁልቢ በኩል የሚመጣው መንገድ ከድሬዳዋው ጋር የሚገጥመው ደንገጎ ላይ ነው፤ ከዚያ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ከዚህ አስፋልት በእግር ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ይደር። ልምድ ያለው ግራዋ ወደምትባለው ከተማ ወጥቶ የጋራ ሙለታን ተዳፋት ይሞክር፤ ልጅ ኢያሱ በ1928 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ በግዞት የቆዩት እዚያ ነው።

የማይታደርባቸው ቦታዎችም አሉ። በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል፣ በተለይ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች፣ ያለ መጠለያው ፈቃድና ያለ ጠባቂ ድንኳን አትትከሉ። በሐረር ዙሪያ ባሉ ኮረብታዎች ላይ የአዋች፣ ማለትም የሙስሊም ቅዱሳን፣ መቃብሮች አሉ፤ ሰው ለዱዓ የሚመጣባቸው ናቸውና ራቅ በሉ።

የሚያዝ ዕቃ

በእነዚህ ተራሮች ውሃ ውድ ነው። የሐረማያ ሐይቅ ራሱ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ውሃ የተመለሰለት። ስለዚህ ቦታው ላይ እናገኛለን ብላችሁ አትውጡ። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ያህል ለመጠጥ፣ ለምግብና ለመታጠብ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ሰው ለአንድ ሌሊት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ብትይዙ አትቸገሩም። ክብደቱ 20 ኪሎ መሆኑን አስባችሁ ባጃጅ ከሚደርስበት አትራቁ። ሴቶች ተራ ይዘው በቆሙበት የመንደር ምንጭ ላይ የእናንተን ጀሪካን አታስገቡ።

ቀጥሎ ብርዱ ነው። በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፤ ድሬዳዋ ላይ በሸሚዝ የሚመሽ ሰው 3000 ሜትር ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከፍ ያለው ቦታ ውርጭ ይወርድበታል። ሰው ላዩን ደራርቦ ሥሩን ይረሳል፤ የሌሊቱ ብርድ ግን ከመሬት ነው የሚገባው። ከድንኳኑ ሥር ላስቲክ፣ ከውስጥ ወፍራም ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ በላዩ የመኝታ ከረጢት፣ በዚያ ላይ ጋቢ። ጋቢው ጤዛ ከነካው እስከ ጠዋት አይደርቅም፤ ውጭ አታሳድሩት።

ምግቡን አቅልሉት፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ቴምር። በትንሽ ቡታጋዝ ሻይ ወይም ሆጃ (የአካባቢው ትኩስ መጠጥ) ይፈላል። የራስ ባትሪ፣ ትርፍ ገመድ፣ ቢላዋ፣ ፋሻና የቁስል መድኃኒት አይቅሩ። ከ2000 ሜትር በታች ወባ ስላለ የድንኳኑ መረብ ያልተቀደደ መሆኑን ከቤት ሳትወጡ እዩት።

ቦታውን መምረጥ

ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ ድረሱ። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል፤ በባትሪ ብርሃን የተመረጠ ቦታ ደግሞ ጠዋት ላይ ነው ጉዱ የሚታየው።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ከደረቅ ወንዝ ውጡ። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱት ወንዞች አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ናቸው፤ አሸዋው ደልዳላና ለስላሳ ስለሆነ ለመኝታ ይጋብዛል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ተራራው ላይ ነው፤ ከራሳችሁ በላይ ኮከብ እየታየ ጎርፍ ሊደርስባችሁ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የጎርፍን ከፍታ ማንበብ አይከብድም። በወንዙ ዳር ያሉትን ቁጥቋጦዎች ተመልከቱ፤ በቅርንጫፎቹ መካከል የተጠላለፈ ደረቅ ሣር፣ ስንጥርና የፌስታል ቁራጭ አንድ መሥመር ይዞ ተንጠልጥሏል። ውሃው እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ መሥመር በላይ ቢያንስ የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ከፍ ብላችሁ ትከሉ፤ በዝናብ ወራት ደግሞ ጭራሽ ወደ ወንዙ አትቅረቡ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በእርከን ካብ ላይ ወይም ጫፉ ላይ አትትከሉ፤ ድንጋዩ ከተናደ የገበሬው የወራት ድካም ይፈርሳል። የከብት መንገድ በንጋት ሥራ ስለሚበዛበት ተዉት። ከላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለበትን ባሕር ዛፍ ሽሹ። ገብረ ጉንዳን የሚሄድበት መሥመር መኖሩን አጎንብሳችሁ ፈትሹ፤ የቁልቋል እሾህ ደግሞ ላስቲኩን ወግቶ ፍራሹ ድረስ ስለሚዘልቅ መሬቱን በእጅ ሳይሆን በቅርንጫፍ ጥረጉ። የድንኳኑን በር ከነፋሱ አዙሩ፤ ካስማውን ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱ፤ አፈሩ ጭንጫ ከሆነ ገመዱን ከትልቅ ድንጋይ ጋር እሰሩ።

እሳት

ምክሬ አጭር ነው፤ አታንድዱ። በበጋ የደረቀ ሣርና የወደቀ የጽድ ቅጠል በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል፤ ነፋሱም ከሸለቆው ወደ ላይ ይገፋዋል። በደን ውስጥ እሳት ማንደድና እርጥብ ዛፍ መቁረጥ በሕግም ያስጠይቃል። ከጽዱና ከወይራው የቀረው ጥቂት ነው፤ ለአንድ ማታ ጨዋታ ሲባል ቅርንጫፉ መቆረጥ የለበትም። ሙቀት ካስፈለገ ከሰልና ፉርኔሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሣር በሌለው ባዶ መሬት ላይ አስቀምጡት። ድንኳን ውስጥ ግን ፈጽሞ አታስገቡት፤ ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይሰጥ በእንቅልፍ ይገድላል። ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት፣ አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱ፤ የእጃችሁን ጀርባ ስታስጠጉ ሙቀት ከተሰማችሁ ገና አልጠፋም።

ሌሊቱ

ከሐረር ጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ያየ ሰው የተራራውን ጅብ እንዳይንቀው። በሰው የሚቀለብ ጅብ የለመደው ሰው አለው፤ ይሄኛው የለመደው ሽታ ብቻ ነው። ሥጋ ይዛችሁ አትውጡ። የተረፈ ምግብና የታጠበ ድስት በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ። ጫማና ቀበቶ ወደ ድንኳን ይግቡ፤ ጅብ ቆዳ ያኝካል፣ ጠዋት ያለ ጫማ ደንገጎን መውረድ አይቻልም። ሲጮህ ብትሰሙ አትውጡ፣ ዚፑን ዝጉ፣ ባትሪ አብሩ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። ውጭ ድንኳን በሌለበት ሜዳ ላይ መተኛትን አልመክርም።

ዝንጀሮዎች ማታ ማታ ገደል ላይ ይሰበሰባሉ። በዐለቱ ላይ ወደ ታች የወረደ የኩስ እድፍ ካያችሁ ማደሪያቸው ነው፤ ከሥሩ አትትከሉ፤ እነሱ ሲንቀሳቀሱ ድንጋይ ይንከባለላል፣ ጠዋት ደግሞ ምግባችሁን ፍለጋ ይወርዳሉ። በቆላው ወገን ጊንጥ ስላለ ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ።

ለክፉ ቀን ስልኩን ሞልታችሁ ያዙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች አሉ። ኔትወርክ የሚገኝበትን ጉብታ ገና በብርሃን ፈልጋችሁ አስታውሱት።

መጸዳጃ፣ ቆሻሻና መነሳት

ከምንጭ፣ ከወንዝና ከመንገድ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ስትጨርሱ አፈሩን መልሱ። የተጠቀማችሁበትን ወረቀት በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ሳሙና ምንጭ ውስጥ አታስገቡ፤ ለእናንተ መታጠቢያ የሆነው ለታች መንደር መጠጥ ነው።

ፌስታልን በተመለከተ ምንም ማስተባበያ አልቀበልም። ፍየልና ግመል የጨው ወይም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይውጣሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ይቋጠርና ይሞታሉ። ላሳደራችሁ ቤተሰብ አንድ ፍየል ማለት የልጅ የትምህርት ቤት ደብተርና ልብስ ነው። የጫት ማሰሪያ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ልጣጭ ሁሉ ተለቅሞ ይመለስ፤ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደውንም ጨምሩበት።

የካስማውን ቀዳዳ በእግር ድፈኑ፣ የተኛውን ሣር በእጅ አንሱ፣ ያነሳችሁትን ድንጋይ ወደ ቦታው መልሱ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ተሰናበቱ፤ ስልክ ከተለዋወጣችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ዝናቡም ስለ ሰላሙም የምትጠይቁት እነሱን ነው። ሚኒባስ ለማግኘት እስከ ረፋዱ አስፋልቱ ላይ ውረዱ፤ ለቀበሌውም ደውላችሁ በሰላም መነሳታችሁን ንገሩ።