የወፈረ አጥሚት በብቅል ሲቀጥን
አጥሚቱ ወፍሮ ማንኪያ ካቆመ ውሃ አትጨምሩበት፤ ጣዕሙም ምግብነቱም ይሳሳል። መርካቶ ለጠላ ከሚሸጠው የገብስ ብቅል ትንሽ አስፈጭታችሁ በወንፊት ንፉ። ድስቱን አውርዱና ወደ 65 ዲግሪ ሲበርድ፣ ለ1 ሊትር 1 የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ 10 ደቂቃ አማስሉ። ይላላል፣ ከማንኪያው ላይ እንደ ዘይት ይወርዳል፣ ጣፈጥም ይላል። ብቅሉ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም (ስታርች የሚሰባብር ፕሮቲን) የዱቄቱን ስታርች ረጅም ሰንሰለት እየቆራረጠ ማልቶዝ ወደሚባል ስኳር ስለሚቀይረው ነው።

እየፈላ ከጨመራችሁት ግን ኢንዛይሙ ይሞታል (አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ያም ይበቃዋል)፤ አጥሚቱም እንደወፈረ ይቀራል። ከቀጠነ በኋላ መልሳችሁ 5 ደቂቃ አፍሉት፣ ብቅሉ ጥሬ ነውና። የሻገተ የሚሸት ብቅል ግን ቢፈላም አይድንም፣ ጣሉት።