በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ የጀመረ ነርስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት መጠየቅን እንደ ድክመት መቁጠር ነው። አዳማ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንዲት እናት ክኒን መዋጥ ስላቃታቸው ፈጭቼ በውሃ ልሰጣቸው ስል ነባሯ ሲስተር እጄን ይዛ አስቆመችኝ፤ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ሆኖ የተሠራ ስለነበር፣ ቢፈጭ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደማቸው ይገባ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን መድኃኒት ሳልጠይቅ አልሰጥም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቴርሞሜትርን ብቻ ማመን ነው። በአረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ስለሚችል፣ ትናንት የልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ሲያጫውቱን የነበሩ አባት ዛሬ ያሉበት ቦታ ከጠፋቸው «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ምክንያቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች ወይም የስኳር ታማሚ ከሆኑ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደ የደም ስኳር ሊሆን ይችላል። የውሃ እጥረትም እንዲሁ ያደርጋል፤ የጥም ስሜት በዕድሜ ስለሚደክም፣ በአዳማ ሙቀት ውሃ እስኪጠይቁ መጠበቅ ራሱ ጥፋት ነው፤ ሐኪም ፈሳሽ ካልገደበባቸው በቀር በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ማቅረብ ያስፈልጋል።

ለሐኪም ደውሎ «ደህና አይደሉም» ማለትም አይጠቅምም፤ የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱን፣ የአተነፋፈሱን ሁኔታና ለውጡ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ የሚደውል ነርስ ድምፁም አይርበተበትም።

ሌላው ገላ ማጠብንና ማገላበጥን የረዳቶች ሥራ ብቻ አድርጎ መተው ነው። የመኝታ ቁስል ከመከፈቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ መጽሐፉ «ቀይ ቦታ ፈልግ» ቢልም በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል፣ ተረከዝንና የታችኛውን ጀርባ በእጅ እየዳሰሱ ከዙሪያው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የጠጠረ ቦታ መፈለግ ይገባል። እኔም ይህን የተማርኩት ገላ በማጠብ ላይ ሳለሁ እንጂ መዝገብ በማገላበጥ አልነበረም። ራሳቸው መገላበጥ የማይችሉትን በየ2 ሰዓቱ ማዞር የተለመደ ሲሆን፣ ያዞሩበትን ሰዓት ወዲያው መጻፍ እንጂ በፈረቃው መጨረሻ ከትዝታ መሙላት ትክክል አይደለም።

በመጨረሻም፣ በአማርኛ ብቻ መጠየቅ በአዳማ ብዙ ነገር ያስመልጣል። በአማርኛ ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ» ብቻ ይሉኝ የነበሩ አንዲት እማማ፣ ረዳቷ በአፋን ኦሮሞ ስትጠይቃቸው ሌሊቱን ሙሉ ያላስተኛቸውን ዳሌ በእጃቸው አሳዩን።