ሮክ ብሉዝን ሰረቀ ከማለታችሁ በፊት፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጊታር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሆነውን የብሉዝን የመጀመሪያ ዙር መጫወት እንደቻሉ ክርክር ይጀምራሉ። ግማሹ «ሮክ ማለት ከጥቁሮች የተሰረቀ ሙዚቃ ነው» ይላል። ሌላው «ሙዚቃ የማንም አይደለም፤ ሁሉም ከሁሉም ይወስዳል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ዘፈኖቹን አጥርተው ሳያዳምጡ፣ ሸክላው ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ሳያዩ ነው የሚሟገቱት። ጨዋታው ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ የሚደጋገሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የዘፈኑን ቅርጽ የግል ንብረት ማድረግ

አሥራ ሁለት ባር (የምት ክፍል)፣ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ ሁለት ጊዜ ተብሎ በሦስተኛው መልስ የሚያገኝ ስንኝ፤ ይህ የማንም አይደለም። በትዝታ ቅኝት የዘፈነን ሰው ሌባ የሚለው የለም።

ሮበርት ጆንሰንን ከሰማይ የወረደ ማስመሰል

የብሉዝ ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ጆንሰን በ1936 እና በ1937 ቴክሳስ ውስጥ የቀዳቸው ዘፈኖች ድንቅ ናቸው። ነገር ግን «ስዊት ሆም ቺካጎ» ከኮኮሞ አርኖልድ የ1934 ቅጂ፣ «ላቭ ኢን ቬይን» ደግሞ ከሊሮይ ካር ዜማ የተወሰዱበት መንገድ ለሰማ ሁሉ ግልጽ ነው። ብሉዝ ውስጥ ስንኝ ከአፍ ወደ አፍ፣ ዜማም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯል። ታዲያ «እነሱም እርስ በርሳቸው ይወስዱ አልነበረም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይወስዱ ነበር። ሰጪውም ተቀባዩም ግን በአብዛኛው ለቀረጻው ቀን የሚሰጣቸውን ጥቂት ገንዘብ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። የሮክ ባንድ ሸክላ በሚሊዮን ሲሸጥ ግን የደራሲው ስም የተጻፈባት መስመር ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚሄድ ትወስናለች። ነገሩ የተለየው እዚህ ላይ ነው።

ጊታሩን ብቻ ሰምቶ «አይመሳሰሉም» ማለት

በጣም የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ተማሪው የሚያነሣው ዘወትር የእንግሊዙን የሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊንን «ሆል ሎታ ላቭ» ነው። እስቲ አብረን እናዳምጥ። ይህ በ1969 የወጣ ዘፈን ሲጀምር የምትሰሙት የጊታር ሐረግ የባንዱ ጊታር ተጫዋች የጂሚ ፔጅ የራሱ ነው። የቺካጎው የብሉዝ ዘፋኝ ማዲ ዋተርስ በ1962 የቀዳው «ዩ ኒድ ላቭ» ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። ክብደቱም ሌላ ነው፣ የከበሮው አመታትም ሌላ ነው። ተማሪዬ ጣቱን የሚያፍታታው በዚያ ሐረግ ስለሆነ ጆሮውም እዚያው ይቀራል። አሁን ጊታሩን ተዉትና የባንዱን ዘፋኝ ሮበርት ፕላንትን ስሙት። ፉሊን፣ ስኩሊን፣ ኩሊን እያለ ቤት የሚመታበት፣ ለሴቲቱም ከውስጧ ፍቅር እንደሚያስፈልጋት የሚነግርበት ግጥም የዊሊ ዲክሰን ነው። ዲክሰን ከሚሲሲፒ፣ ከቪክስበርግ ወደ ቺካጎ መጥቶ ቼስ ሬከርድስ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ቤዝ የሚጫወት፣ ለማዲም ለሌላው የብሉዝ ዘፋኝ ለሃውሊን ዎልፍም ዘፈን የሚጽፍ ግዙፍ ሰው ነበር። በመካከል ደግሞ ስሞል ፌይስስ የተባለው የለንደን ባንድ በ1966 ያንኑ ዘፈን ርእሱን በጥቂቱ ለውጦ፣ በራሱ አባላት ስም አውጥቶት ነበር። የፕላንት አዘፋፈን ወደ እነሱ እንደሚያደላ ሦስቱን ቅጂዎች በተከታታይ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

እንግዲህ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጊታሩ ከብሉዝ የተማረ ሰው የፈጠረው ነው፤ ግጥሙ ግን የተወሰደ ነው። ሸክላው ላይ የተጻፉት ግን አራቱ የባንዱ አባላት ብቻ ነበሩ።

«አላወቁም ነበር» የሚለኝ አለ። ይህን ስሰማ ድምፄን ከፍ ማድረጌ አይቀርም። ባንዱ በዚያው በ1969 ጥር ወር ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ላይ ሁለት የዲክሰን ዘፈኖችን ተጫውቶ ስሙን በትክክል ጽፏል። «ሆል ሎታ ላቭ» ያለበት ሁለተኛው አልበም የወጣው ጥቅምት ላይ ነው። ዲክሰን ያን ጊዜ በሕይወት ያለ፣ ቺካጎ የሚኖር፣ ስልክ ተደውሎ የሚገኝ ሰው ነበር። በ1985 ከሰሰ፤ በ1987 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ ዛሬ ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይታያል። «ፍርድ ቤት ረታ» አትበሉ፤ ዳኛ አልፈረደም።

ፈቃድ መጠየቅ የሚከብድ ነገር ነበር ማለት

አልነበረም። በአሜሪካ ሕግ አንድ ዘፈን አንዴ በሸክላ ከወጣ በኋላ ሌላ ባንድ እንደገና ለመቅዳት ደራሲውን መለመን አያስፈልገውም፤ በሕግ የተተመነውን መክፈል ይበቃዋል። ተመኑ ከ1909 ጀምሮ እስከ 1977 ድረስ ለአንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር።

ክሪም የተባለው ባንድ በ1966 የብሉዝ ዘፋኙን የስኪፕ ጄምስን «አይም ሶ ግላድ» ሲቀዳ የደራሲውን ስም ጻፈ። ጄምስ ዘፈኑን የቀዳው በ1931 ሲሆን ያን ጊዜ ያገኘው ገንዘብ ለቁም ነገር የሚበቃ አልነበረም። ከክሪም ቅጂ የመጣው ክፍያ ግን በ1969 ከመሞቱ በፊት፣ በካንሰር ታሞ ሳለ ደረሰው። ስለዚህ ሮክ ሁሉ ሌባ ነው ለሚለው ተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

ሁሉንም ነገር በቆዳ ቀለም ብቻ መፍታት

«ሃውንድ ዶግን ኤልቪስ ከቢግ ማማ ቶርንተን ሰረቀ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከማስታወሻችሁ ሰርዙ። ዘፈኑን መጀመሪያ የቀዳችው ጥቁሯ ዘፋኝ ቶርንተን ናት፤ ድምፅዋም ከኤልቪስ ይልቅ ያስደነግጣል። ዘፈኑን የጻፉት ግን ጄሪ ሊበር እና ማይክ ስቶለር የተባሉ ሁለት ወጣት ነጮች ናቸው። ኤልቪስን መክሰስ የፈለገ ሰው ወደ ብሉዝ ዘፋኙ አርተር ክሩደፕ ይሂድ፤ ኤልቪስ የዘፈነው «ዛትስ ኦል ራይት» የእሱ ነው፤ ስሙም በትክክል ተጽፎ ሳለ ተገቢ ክፍያውን ሳያገኝ በ1974 ሞቷል። ሌድ ዜፕሊንም ቢሆን የወሰደው ከጥቁሮች ብቻ አይደለም። «ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ» ጄክ ሆልምስ የተባለ ነጭ የፎክ ዘፋኝ በ1967 ያወጣው ዘፈን ነበር።

«የብሉዝ ዘፋኞችን አስተዋወቋቸው» በሚለው ሒሳቡን መዝጋት

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ ሃውሊን ዎልፍ አብሯቸው እንዲዘፍን አደረጉ። የሚያስመሰግን ነው። እነዚሁ ሰዎች በ1968 የቄስ ሮበርት ዊልኪንስን «ፕሮዲጋል ሰን» በባንዱ አባላት በጃገርና በሪቻርድስ ስም አወጡት፤ የዊልኪንስ ስም የገባው በኋላ ነው። አንደኛው ሌላኛውን አይሰርዘውም።

ስሙ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ ማለት

ስሙ መጻፉ ገንዘቡ ደረሰ ማለት አይደለም። ሌድ ዜፕሊንን በዲክሰን ዘፈን በ«ብሪንግ ኢት ኦን ሆም» የተነሣ በ1972 የከሰሰው ዲክሰን አልነበረም፤ የቼስ ሬከርድስ ባለቤቶች የቼስ ወንድማማቾች ድርሻ የነበራቸው አርክ ሙዚቃ የተባለው አሳታሚ ነው። ዲክሰንና ማዲ ዋተርስ ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት ይህንኑ አሳታሚ ከሰሱት። ስለ ለንደን ብቻ የምትቆጡ ሰዎች ስለ ቺካጎም ትንሽ ቁጣ አስቀሩ።

በተለይ ስለ ኧርል ሁከር። ጊታር ተጫዋቹ ሁከር በ1961 «ብሉ ጊታር» የተባለ፣ ዘፋኝ የሌለበት የስላይድ ጊታር (በክሮቹ ላይ ብረት ወይም መስታወት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት) ሙዚቃ ቀዳ። ቼስ ቅጂውን ተከራይቶ በ1962 የማዲን ድምፅ ጨመረበት፤ ዲክሰን ግጥም አዘጋጀለት፤ «ዩ ሹክ ሚ» ሆነ። የደራሲነቱ ስም ለዲክሰንና ለሌላው የብሉዝ ዘፋኝ ለጄ ቢ ሌኗር ሄደ። ሌድ ዜፕሊን በመጀመሪያ አልበሙ ዘፈኑን ሲጫወት የዲክሰንን ስም ጽፏል። ግን «ብሉ ጊታር»ን አስቀድማችሁ፣ ከዚያም የማዲን አዳምጡ። ማዲ የሚከተለው ዜማ ሁከር በስላይዱ የተጫወተውን ነው፤ ፕላንትም ከዓመታት በኋላ የሚዘፍነው ያንኑ ነው። የሁከር ስም ከደራሲዎቹ ጋር የለም።