የነፍሳትን ስቴሮል ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሌስትሮል ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው የልብ ሕመምን ነው፤ ሐኪም ቀንስ የሚለው ነገር። አንበጣ፣ ንብና ትንኝ ግን ከሚበሉት ውስጥ የሚስማማቸውን ስቴሮል (ኮሌስትሮል አንዱ አባል የሆነበት የሞለኪውል ቤተሰብ) ካላገኙ አያድጉም። የሴላቸው ሽፋን ይፈልገዋል፤ ቆዳ እንዲቀይሩ የሚያዘው ሆርሞንም የሚሠራው ከእሱ ነው። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ወደዚህ ጥናት ሲገባ የሰውንና የአይጥን ጉበት አስቦ ይመጣልና ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመጡት አንድ ጥያቄ ሲዘለል ነው፦ ይህ ሞለኪውል ከየት መጣ?

ነፍሳት ኮሌስትሮልን ራሳቸው ይሠራሉ ብሎ መነሳት

የሰው ጉበት አሲቴት ከሚባል ትንሽ ሞለኪውል ተነስቶ፣ ስኳሊንና ላኖስቴሮል በሚባሉ መካከለኛ ሞለኪውሎች በኩል አልፎ ኮሌስትሮል ይሠራል። ነፍሳት በዚሁ መንገድ እስከ መሀል ድረስ ይሄዳሉ። ስኳሊንን የሚሠራው ኢንዛይምና ከእሱ በኋላ የሚመጣው ግን የላቸውም። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሆብሰን የተባለው ተመራማሪ የሥጋ ዝንብ እጮች ለማደግ ኮሌስትሮል ከምግባቸው ማግኘት እንዳለባቸው ያሳየው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው።

ዛሬም ግን «ስታቲን (ኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት) ስንሰጣቸው ሞቱ፤ ስለዚህ ኮሌስትሮል ይሠራሉ» የሚል ክርክር ይሰማል። ስታቲን የሚዘጋው የመንገዱን የመጀመሪያ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ደግሞ ነፍሳት ጁቬናይል ሆርሞንን (እጩን በእጭነት የሚያቆየውን ሆርሞን) እና ሌሎች አስፈላጊ ነገሮችን ይሠሩበታል። የሞቱት በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሙከራው ስለ ኮሌስትሮል የሚነግረን ነገር የለም።

«ስቴሮል የሌለበት» የተባለውን ምግብ ማመን

ብዙ ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ኬዚን ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ኮሌስትሮል ይዞ ይመጣል። ምግቡን የሚያረጋው አጋር ከባሕር አረም ነው የሚሠራው። የስንዴም ሆነ የአኩሪ አተር ዱቄት የራሱ የዕፅዋት ስቴሮል አለው። ነፍሳት የሚፈልጉት መጠን ትንሽ ስለሆነ ይህ ርዝራዥ ብቻውን አንድን እጭ ብዙ ርቀት ሊያስኬደው ይችላል። ኬዚኑ በሙቅ ክሎሮፎርምና ሜታኖል ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ከታጠበም በኋላ ተለክቶ እንጂ «ንጹሕ ነው» ተብሎ ብቻ አይታለፍም።

ስቴሮሉን መልሶ የመጨመሩም ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮሌስትሮል በውኃ አይሟሟም። በሞቀ አጋር ላይ ዝም ብሎ የበተነው ሰው ምግቡ ሲረጋ ላዩ ላይ ነጭ ቅንጣት ተንሳፍፎ ያገኛል፤ አንዱ እጭ ከላይ እየበላ ይጠግባል፣ ሌላው ከሥር እየቆፈረ ምንም አያገኝም። የሚሠራው ዘዴ ኮሌስትሮሉን በክሎሮፎርም አሟሙቶ በደረቀው ኬዚን ወይም ሴሉሎስ ላይ ማፍሰስ፣ እያማሰሉ ጋዝ በሚመጥ ካቢኔ ውስጥ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ ከቀረው ጋር መደባለቅ ነው። ኮንትሮሉም (ስቴሮል ሳይጨመርበት ለማነጻጸሪያ የሚቀርበው ምግብ) ያንኑ ክሎሮፎርም መቅመስ አለበት። ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ የክሎሮፎርሙን ጉዳት የስቴሮል ውጤት ነው ብለው ይጽፋሉ።

እናቲቱም በእንቁላሉ ውስጥ ስንቅ ታስቀምጣለች። በመጀመሪያው ትውልድ ጉድለት አለመታየቱ አያስደንቅም፤ ሁለተኛውን ትውልድ ሳያዩ «አያስፈልገውም» ማለት ችኮላ ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኮንራድ ብሎክ ከባልደረባው ከክላርክ ጋር በቆዳ ጥንዚዛ ላይ ያሳየው ነገር እዚህ ላይ መታወስ አለበት። የኮሌስትሮል ቅርብ ዘመድ የሆነው ኮሌስታኖል ብቻውን ጥንዚዛውን አላሳደገውም፤ ትንሽ ኮሌስትሮል ሲታከልበት ግን እድገቱ ተስተካከለ። ብዛት የሚጠይቀውን የሽፋን ሥራ ሌላ ስቴሮል ሊሸፍነው ይችላል፤ ሆርሞን ለመሥራት የሚፈለገው ግን ሌላ የማይተካው ጥቂት ነገር ነው ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ ስቴሮል ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎደሎ ነው። ለየትኛው ሥራ?

ከሐር ትል የተገኘውን እውቀት ለንብም ይሠራል ማለት

ዕፅዋት በብዛት የሚሠሩት ሲቶስቴሮልን ሲሆን ካርበኑ 29 ነው፤ ኮሌስትሮል 27 ነው ያለው። የሐር ትል ከሾላ ዘመዱ ከእንጆሪ ቅጠል ያገኘውን ሲቶስቴሮል ወደ ፉኮስቴሮል፣ ከዚያ ወደ ኢፖክሳይዱ፣ ከዚያ ወደ ዴስሞስቴሮል ይለውጥና በመጨረሻ ኮሌስትሮል ያደርገዋል። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን «ቅጠል በል ነፍሳት እንዲህ ያደርጋሉ» ብለው ያልፉታል፤ አንባቢም ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ይመስለዋል።

የማር ንብ ይህን አታደርግም። ከአበባ ብናኝ ያገኘችውን እንዳለ ትወስዳለች፤ በአካሏ ውስጥ ጎልቶ የሚገኘውም 24-ሜቲሊንኮሌስትሮል የሚባለው ነው። ይህ ለእኛ አገር አናቢ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። አበባ በሚጠፋበት ወቅት ለመንጋው የስኳር ሽሮፕ፣ በሶና ሽሮ መስጠት የተለመደ ነው። ስኳር ጉልበት ይሰጣል፤ በሶና ሽሮ ፕሮቲን ይጨምራሉ። የእህልና የጥራጥሬ ስቴሮል ግን በአብዛኛው ሲቶስቴሮል ነው፤ ንቧ ደግሞ እሱን ወደምትፈልገው መለወጥ አትችልም።

ታዲያ መኖው በሙከራ ሲታይ ለምን የሚሠራ ይመስላል? ሞግዚት ንቦች በራሳቸው አካል ካከማቹት ስቴሮል ለእጮቹ በሚሰጡት ምግብ ውስጥ ስለሚያካፍሉ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ዕዳው አይታይም። መንጋው ብናኝ ተከልክሎ ለወራት ሲቆይ ነው እጭ ማሳደጉ እየሳሳ የሚሄደው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በ2025 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ይህን በደንብ አሳይቷል፦ ያሮዊያ ሊፖሊቲካ የተባለውን እርሾ ንብ የሚያስፈልጓትን 6 ስቴሮሎች እንዲሠራ አድርገው ከመኖው ጋር ቀላቀሉት። ለሦስት ወር በዘለቀው ሙከራ ይህን የተመገቡት መንጋዎች ለፑፓ (በእጭና ባደገችው ንብ መካከል ላለው ደረጃ) ያደረሷቸው እጮች ብዛት ያለ ስቴሮሉ ከተመገቡት እስከ 15 እጥፍ ደረሰ። የአንድ ወር ሙከራ ሠርቶ የንብ መኖ ጥሩ ነው ወይም መጥፎ ነው የሚል ጽሑፍ ሲያጋጥመኝ ከዚህ ወዲያ በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ተቃራኒው ጫፍ ደግሞ ድሮሶፊላ ፓቼያ ነች። በሰሜን አሜሪካው የሶኖራ በረሃ፣ ሴኒታ በሚባል ቁልቋል ላይ ብቻ የምትኖር ዝንብ ናት። ኔቨርላንድ የሚባለው ጂኗ ስለተለወጠ ከኮሌስትሮል ሆርሞን መሥራት አትችልም፤ ቁልቋሉ የሚሰጣት ሌላ ዓይነት ስቴሮል የግድ ነው። ኮሌስትሮል ያለበትን መደበኛ የዝንብ ምግብ የሰጣት ሰው ዝንቧን እየመገበ ያስርባታል።

ስቴሮሉን ደምሮ «በቂ ነው» ማለት

ስፒናች ጎደሎ ምግብ አይደለም፤ ስቴሮልም አለው። ግን የአሜሪካው አንበጣ፣ የእኛን ማሳ የሚያወድመው የበረሃ አንበጣ ዘመድ፣ በስፒናች ስቴሮል ውስጥ ያለውን የድርብ ቦንድ አቀማመጥ ሊጠቀምበት አይችልም። ደስ የሚለው ነገር አንበጣው ይህን በምላሱ አያውቀውም። መጀመሪያ ላይ ስፒናቹን በደንብ ይበላል፤ ከጥቂት ማዕድ በኋላ ግን ይተወዋል። ከበላ በኋላ ነው የሚማረው። አንድ ጊዜ ብቻ አቅርቦ «ወዶታል» ብሎ የመዘገበ ሰው የተሳሳተ መረጃ ይዟል።

ከዚህም በላይ የማይጠቅመው ከሚጠቅመው ጋር ሲደባለቅ፣ የሚጠቅመው መጠን ለብቻው በቂ ሆኖ ሳለ እንኳ አንበጣው ይጎዳል፤ ጉዳቱም እንደ ድርሻው ይጨምራል። ጠጠር የበዛበት ምስር ኪሎው ይሞላል፣ ጥርስ ግን አይምርም። በሠንጠረዥ ውስጥ «ጠቅላላ ስቴሮል» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ካለ ዋናው ነገር ተደብቋል።

በመለኪያ መሣሪያው ላይ የታየውን ፒክ (በግራፉ ላይ የሚወጣውን ጉብታ) የነፍሳቱ ነው ብሎ መውሰድ

ሙሉ አካሉ ተፈጭቶ የተለካ አንበጣ ውስጥ የአንጀቱ ቅጠልም አብሮ ተለክቷል። አንጀቱ ካልወጣ ውጤቱ የምሳው ነው።

ጓንት ያላደረገ እጅም ናሙናውን ያበላሻል። የሰው ቆዳ ወዝ ስኳሊንም ኮሌስትሮልም አለው። ስኳሊን በነፍሳት ናሙና ውስጥ አገኘሁ ብሎ ከመደሰት በፊት ባዶ ናሙና በተመሳሳይ እጅ፣ በተመሳሳይ ብልቃጥ አሳልፎ ማየት ያዋጣል።

ከስብ አሲድ ጋር የተያያዘው ስቴሮል በአልካሊ ይላቀቃል፤ ከስኳር ጋር የተያያዘው የዕፅዋት ስቴሮል ግን አሲድ ይፈልጋል። አንዱን ብቻ የሠራ ሰው የቅጠሉን ስቴሮል አሳንሶ ይዘግባል። በ24ኛው ካርበን ላይ ብቻ የሚለያዩ መንትያ ስቴሮሎችን ደግሞ ናሙናን ወደ ክፍሎቹ የሚለየው የተለመደው ጋዝ ክሮማቶግራፊ አይለያቸውም፤ ክብደታቸውም አንድ ነው። ለዚያ የአተሞችን አቀማመጥ የሚያሳየው ኤንኤምአር የተባለው መሣሪያ ያስፈልጋል።

ቆዳ የማስቀየሪያው ሆርሞን አንድ ብቻ ነው ብሎ መለካት

ኬሚስቶቹ ቡተናንትና ካርልሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ይህን ሆርሞን፣ ኤክዳይሶንን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣርተው ሲያወጡ ከ500 ኪሎ የሐር ትል ፑፓ ያገኙት 25 ሚሊግራም ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙው ሥራ የተመሠረተው 27 ካርበን ባለው ቅርጽ ላይ ነው። ስቴሮሉን ወደ ኮሌስትሮል የማትለውጠው ንብ ግን በፑፓነቷ ዋና ሆርሞኗ 28 ካርበን ያለው ማኪስቴሮን ኤ ነው። በገበያ ያሉ የአንቲቦዲ መለኪያዎች ሁለቱን እኩል አይዙም። ዝቅ ያለ ቁጥር ሲመጣ «ሆርሞን ጎደላት» ከማለት በፊት መለኪያው የማን ሆርሞን እንደሚያይ ማጣራት ይቀድማል።

አብረው የሚኖሩትን ተህዋስያን መርሳት፣ ወይም ሁሉንም ባክቴሪያ ማድረግ

ባክቴሪያ ከጥቂቶች በቀር ስቴሮል አይሠራም። የዕፅዋት ቅማል ውስጥ የሚኖረው ቡክኔራ የተባለው ባክቴሪያ አሚኖ አሲድ ይሰጣል እንጂ ስቴሮል አይሰጥም። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ እድገት ሲቀንስ ምክንያቱን ስቴሮል ላይ መለጠፍ አይቻልም። በእስያ ሩዝ የሚያጠቃው ቡናማ ፕላንትሆፐር የተባለው ነፍሳት ግን እርሾ መሰል ፈንገሶች በአካሉ ውስጥ አሉ፤ ስቴሮሉም ከእነሱ ይመጣል። እነሱን በሙቀት ማሳነስ ይቻላል፤ ሙቀቱ ግን ነፍሳቱንም ይጎዳል። ጉዳቱ የማን እንደሆነ የሚለየው ስቴሮሉን በምግብ መልሶ ሰጥቶ፣ እድገቱ መመለስ አለመመለሱን በማየት ነው።