ጠጅ በቤት ውስጥ እንዴት ይጣላል? ከማር ምርጫ እስከ ብርሌ

ጠጅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ማር፣ ውሃና ጌሾ። ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጠጅ የሚበላሸው በሚገባበት ነገር ሳይሆን በቀን አቆጣጠር ነው። ጌሾው ሳይወጣ ሲከርም ይመርራል፤ ዕቃው እንደተከፈተ ሲቆይ ይሆመጥጣል፤ ሳይደርስ ሲታሸግ ጠርሙስ ይሰብራል። እዚህ የቀረበው አሠራር ከ8 እስከ 9 ሊትር ጠጅ ያወጣል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንትም ይፈጃል።

ትንሽ ስለ ታሪኩ

ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ በቀይ ባሕር የአፍሪካ ጠረፍ ስለሚኖሩ ሰዎች ሲጽፍ፣ ሕዝቡ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ የተዘጋጀ መጠጥ ሲጠጣ ገዢዎቹ ግን በውሃ የተበረዘ ማር እንደሚጠጡ ይናገራል። መጠጡ የዛሬው ጠጅ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ማር የገዢ መጠጥ ሆኖ መቆየቱ ግን በኋላም በግልጽ ይታያል። ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በየግብዣው ስለሚቀርበው የማር ወይን ደጋግሞ ጽፏል። ማር ለቤተ መንግሥት በግብር መልክ ይገባ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሰው ግብር ሲበላ የሚቀዳውም ጠጅ ነበር። ገበሬው ግን በአብዛኛው ጠላውን ይጠጣ ነበር፤ ማሩን ለጌታው ያስገባል እንጂ ለራሱ ጠጅ የሚጥልበት አቅምም ፈቃድም አልነበረውም። ማንም ከፍሎ የሚጠጣበት ጠጅ ቤት በየከተማው የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ማሩና ጌሾው

ለጠጅ ነጭ ማር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የትግራይና የላስታ ዓይነቱ ነጭ ማር ለስላሳ መዓዛው የሚታወቀው በዳቦ ሲበላ ነው፤ ጌሾ ከገባበት በኋላ ማን ይለየዋል? ለጠጅ የሚሻለው ቢጫው ወይም ቀዩ፣ ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ነው፤ ከከፋና ከሸካ ጫካ የሚመጣው ዓይነት። ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። ባልተጣራ ማር ውስጥ የተፈጥሮ እርሾ አለ፤ እርሾው የሚመገበው የአበባ ብናኝም አለ። በፋብሪካ ሞቆ የተጣራ የጠርሙስ ማር ግን እርሾው ስለሚሞት ለመፍላት ይዘገያል። ስኳር የተደባለቀበት ማርም ይፈላል፣ ያሰክራልም፤ የሚጎድለው መዓዛው ነው፤ ጠጁ ቀጥኖ የስኳር ውሃ ስሜት ይሰጣል። ይህን በቀለም ሊሸፍኑ የሚሞክሩ ሻጮች አይጠፉም።

መጠኑ እንዲህ ነው፦ የተጣራ ማር ከሆነ 2 ኪሎ ተኩል፣ ሰፈፍ ያለው ከሆነ 3 ኪሎ፤ ውሃ 8 ሊትር፤ የጌሾ እንጨት 200 ግራም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ 1 ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ «አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ» የሚባለው በሚዛንና በጣሳ ሲለካ ሁለት የተለያየ ጠጅ ይሰጣል። በጣሳ 1 ለ3 ከሆነ ስኳሩ ስለሚበዛ እርሾው ይዳከማል፤ ጠጁም ወር ቢቆይ እንኳ እንደጣፈጠ ይቀራል። በጣሳ ለሚለካ ሰው 1 ጣሳ የተጣራ ማር ለ4 ጣሳ ተኩል ውሃ ከላይ ከተሰጠው መጠን ጋር ይስማማል። በዚህ መጠን ስኳሩ በሙሉ ቢፈላ አልኮሉ እስከ 12 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ጥፍጥናው ሳያልቅ ከተጠጣ ከዚያ ያንሳል።

ጌሾ ሲገዙ ለጠጅ የሚሆነው እንጨቱ ነው። ቅጠሉ ለጠላ ነው፤ ጠጅ ውስጥ ከገባ ያጠቁረዋል፣ ጉሮሮም የሚይዝ ምሬት ይሰጠዋል። እንጨቱ ደረቅ፣ ሻጋታ የሌለበትና ሲሰበር ሽታው የሚሰማ መሆን አለበት። መጋዘን ውስጥ ብዙ የከረመ ጌሾ ሽታውም ምሬቱም ይደክማል፤ እሱን በብዛት ለማካካስ ከመሞከር ሌላ መግዛት ይሻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የኢትዮጵያ ሱቆች እየተቆረጠ በላስቲክ የታሸገ ጌሾ ይሸጣሉ።

ዕቃው

ጋን ወይም እንስራ ካለ እሰየው። ከሌለ ለምግብ የሚሆን የፕላስቲክ ባልዲ ወይም የመስታወት ዕቃ ይበቃል፤ ብቻ 12 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ይሁን፤ አረፋው ሲነሳ ቦታ ይፈልጋል። አሉሚኒየም፣ መዳብና ብረት አይሆኑም፤ ጠጅ አሲድ ስላለው ይበላቸዋል፣ የብረት ጣዕምም ይይዛል። የማይዝገው አይዝጌ ብረት ችግር የለውም።

ሸክላው በግራዋ ቅጠል ይታሻል፤ በብዙ ውሃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ በተሰነጠረ የወይራ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ሽታ ከመስጠቱም በላይ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀውን ሻጋታ ያዳክማል። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ በፈላ ውሃ ተለቅልቆ ይደርቃል። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው ለጋንም ለባልዲም ይሠራል፦ በስንጥቁ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ በየጊዜው የሚጣለውን ጠጅ ያሆመጥጣል፤ ምንም ያህል ቢታጠብ አይለቅም።

1. ብርዙን ማዘጋጀት

ውሃው ይፈላና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ማፍላቱ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንም እንዲበን ያደርጋል። ማሩ የሚጨመረው ውሃው እጅ ሲነከርበት ሞቅ ብቻ የሚል ሲሆን ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ የማሩ እርሾ ይሞታል፣ መዓዛውም ይበናል። በንጹሕ የእንጨት ማማሰያ እስኪሟሟ ድረስ በደንብ ይበጠበጣል። ከታች የተኛ ማር ካለ አይፈላም። ማር እንደ ማርነቱ ለዓመታት ሳይፈላ የሚቀመጠው ውሃው ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ሳይሟሟ የቀረውም እንደዚያው ይቀመጥና መጨረሻ ላይ ላዩ ደረቅ፣ ታችኛው ሽሮፕ የሆነ ጠጅ ያጋጥማል።

አፉ በንጹሕ ሻሽ ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ሰፈፍ ያለው ማር ከሆነ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል፤ ሰፈፉ ይንሳፈፋል፤ ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ መታየት ይጀምራል። ያኔ ሰፈፉ ተገፎ ብርዙ በሻሽ ይጠለላል። ሰፈፉን መጣል አያስፈልግም፤ ታጥቦና ቀልጦ ለጧፍ ይሆናል። የተጣራ ማር ከሆነ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ሞቅታ የማይፈልግ ሰው እዚሁ ሊያቆም ይችላል። በዕለቱ የተበረዘ ብርዝ ቀዝቅዞ ሲጠጣ ግሩም ነው፤ መጠጥ መጥመቅ በሕግ በተከለከለባቸው በሳዑዲና በኩዌት ለሚኖሩም የሚሆነው ይኸው በዕለቱ የሚጠጣው ነው፤ ሲያድር መፍላት ይጀምራልና። ብርዝ የልጆች መጠጥ ነው ቢባልም ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን አይሰጥም፤ ማር ለሕፃናት አደገኛ የሆነ የቦቱሊዝም መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

2. ጌሾውን መጨመር

እንጨቱ በጣት ርዝመት ተቆርጦ፣ ወፈር ያለው ተሰንጥቆ፣ አቧራው እስኪለቅ ይታጠባል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በ2 ሊትር ብርዝ ውስጥ በመጠነኛ እሳት 15 ደቂቃ ይቀቀላል፤ ሲቀዘቅዝ ከነፈሳሹ ወደ ትልቁ ዕቃ ይመለሳል። የቀረው ግማሽ ጥሬውን ይገባል። ሁሉንም መቀቀል ምሬቱን ቶሎ ያወጣል፤ ነገር ግን በጌሾው ቅርፊት ላይ ያለውን እርሾ ይገድላል። ሁሉንም ጥሬውን መጨመር ደግሞ ምሬቱን ያዘገያል። ግማሽ በግማሽ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ጌሾ ጠጅን የሚያሰክር አይደለም፤ የሚያሰክረው የማሩ ስኳር ወደ አልኮል መለወጡ ነው። ጌሾ ምሬት ይሰጣል፤ አንዳንድ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታል። በቢራ ውስጥ የሆፕ አበባ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

3. ማማሰልና መቅመስ

በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ጠዋትና ማታ ይማሰላል። ጌሾው ይንሳፈፋልና ሳይማሰል ሲቀር እላይ የሚደርቀው እንጨት ሻጋታ ያወጣል። ዕቃው አሁንም በሻሽ ብቻ ይሸፈናል፤ ዝንብ ግን እንዳይገባ በክር ይታሰር፤ ጠጅን የሚያሆመጥጠውን ባክቴሪያ ይዛ የምትመጣው እሷ ናት።

ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለ ክፍል ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ አረፋ ይነሳል፤ ጆሮ ሲጠጋ የሲሲታ ድምፅ ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ወይም በኅዳር ሌሊት ሊዘገይ ይችላል፤ ወጥ ቤት ማስቀመጥና በብርድ ልብስ መጠቅለል ይረዳል። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ቶሎ ይፈላል፣ ቶሎም ይሆመጥጣል፤ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይቀመጥ። በ4ኛው ቀን ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ እርሾው ሞቷል ማለት ነው፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደረቀ የወይን እርሾ በጥቂት ለብ ያለ ብርዝ ተበጥብጦ ይጨመራል። የዳቦ እርሾም ያፈላል፤ የዳቦ ሽታው ግን ይሰማል።

ጌሾው የሚወጣበትን ቀን መምረጥ የጠጅ ጣዩ ትልቁ ውሳኔ ነው። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይቀመስ። ለለስላሳ ጠጅ 5 ወይም 6 ቀን፣ ለመካከለኛ 8 ቀን ገደማ፣ ለደረቅ እስከ 12 ቀን ይቆያል። ምሬቱ ሊጠጡት ከሚፈልጉት በጥቂቱ በለጥ ሲል ማውጣት ነው፤ ሲጠራ ይለዝባል። ሲያወጡት መጭመቅ አያስፈልግም፤ ከጭማቂው የሚወጣው ደረቅ፣ ምላስ የሚያኮማትር ጣዕም ነው። የመረረ ጠጅን በኋላ ማር በመጨመር ማስተካከል ይሞከራል፤ ማሩ ግን ራሱ ይፈላና ምሬቱ ተመልሶ ይወጣል።

4. ከአየር መለየት

ጌሾው ሲወጣ ጠጁ ተጠልሎ አፈ ጠባብ ዕቃ ውስጥ እስከ አንገቱ ድረስ ይሞላል። ከዚህ በኋላ አየር ጠላቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈላው ጋዝ ላዩን ስለሚሸፍነው የሻሽ ክዳን ይበቃ ነበር፤ አሁን ጋዙ ቀንሷል፤ አየር ካገኘ የኮምጣጤ ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ጫፉን በውሃ በተሞላ ብርጭቆ መንከር ነው፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። በጋን የሚጥል ሰው አፉን በጭቃ ወይም በሊጥ ያሽጋል፤ ጥቂት መተንፈሻ ግን ይተዋል።

ከ10 እስከ 15 ቀን በኋላ በብርጭቆው ውስጥ በደቂቃ አንድ አረፋ እንኳ ሳይታይ ሲቀር፣ አምቡላውም (ዝቃጩ) ታች ሲተኛ ደርሷል። ሳይናጥ ቀስ ብሎ ይቀዳል፤ አንዴ በሻሽ ይጠለላል። ጠጅ እንደ ወይን ጥርት ማለት የለበትም፤ ጥቂት ደፍረስ ያለ ቢጫነቱ ተፈጥሮው ነው።

ጥፍጥና ያለውን ጠጅ በጠርሙስ አጥብቆ ዘግቶ ከፍሪጅ ውጭ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። የቀረው ስኳር መፍላቱን ይቀጥላል፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ክዳኑ ላላ ይበል። ለስላሳው በ2 ሳምንት ውስጥ ይጠጣ፤ ደረቁ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣል።

ሲበላሽ

የኮምጣጤ ሽታ ካመጣ መመለሻ የለውም፤ ለሰላጣ ይሁን። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሆነ ግን አትድፉት፤ እርሾው ምግብ ሲያጣ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ወደ ሌላ ዕቃ አንዴ ሲገለበጥና ጥቂት ቀን ሲቆይ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ላዩ ላይ ባለ ፀጉር አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከወጣ፣ ወይም ሲቀዳ እንደ ንፍጥ ከተጎተተ ይደፋ። እንደጣፈጠ መፍላቱን ካቆመ መጀመሪያ ሙቀቱን ይመልከቱ፤ ሞቅ ወዳለ ቦታ ሲዛወር ሊነሳ ይችላል።

ማቅረብ

ቀዝቀዝ ብሎ በብርሌ ይቀዳል፤ ጠባቡ አንገት ዝንብን ይከለክላል፣ መዓዛውንም ይሰበስባል። ለስላሳው ከበርበሬ ጋር፣ ማለትም ከዶሮ ወጥና ከአዋዜ ጥብስ ጋር ይስማማል። ደረቁ ለቁርጥ ነው።

በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ አንድ አዋቂ ለቤቱ ፍጆታ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ወይን ያለ ግብር እንዲጠምቅ ይፈቅዳል፤ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። የየግዛቱ ሕግ ሊለያይ ይችላል።

የቀረው አምቡላ ለሚቀጥለው ጠጅ እርሾ ይሆናል። በንጹሕ ማሰሮ፣ ክዳኑ ላላ ብሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቀመጣል፤ ለ9 ሊትር ብርዝ አንድ ስኒ ይበቃል፤ መፍላቱም በማግስቱ ይጀምራል። አምቡላው የተገኘበት ጠጅ ትንሽም ቢሆን ሆምጥጦ ከነበረ ግን አይሆንም፤ አዲሱንም ያሆመጥጠዋል።